አባቴ ያረጠቡት ዱቄት

በአባቴ ላይ የጮህኩት በዕድሜዬ አንድ ቀን ብቻ ነው። ጠባዬ ቀላል ሆኖ አይደለም። ጠመኔ የወረወርኩበት ተማሪ ዛሬ የልጆች አባት ሆኖ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጭንቅላቱን እያሻሸ ነው ሰላም የሚለኝ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥም "እሷን ከጠዋቱ አትንኳት" ይባልልኝ ነበር። አባቴ ላይ ግን ከዚያ ቀን በቀር አፌን ከፍቼ አላውቅም፤ እሳቸውም የሚያስጮህ ሰው አልነበሩም። ቄስ ናቸው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር አንዲት ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ አገልግለዋል፤ እናቴ ካረፈች በኋላ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ያን ቀን ከአፌ የወጣችውን ቃል ልመልሳት ስሞክር ስምንት ወር ፈጀብኝ። ከአፍ የወጣ አፋፍ የሚሉት እውነታቸውን ነው።

ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ዘመኑ መምህር ሁሉ ክረምት በመጣ ቁጥር ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዲግሪውን የሚያሳድግበት ነው። ሰኔ ላይ የፈተና ወረቀት አርመን ሳንጨርስ ፍራሻችንን ጠቅልለን ሚኒባስ ላይ እንወጣለን፤ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ጭቃ በጭቃ ሆነን እንመለሳለን። እኔ ሦስተኛው ክረምቴ ላይ ነበርኩ። በአራተኛው የመመረቂያ ጥናቴን አቅርቤ ካላለፍኩ፣ ያ ሁሉ ዓመት ዝናብ የደበደበኝ በከንቱ ነው ማለት ነው።

ጥናቴ ከብሳና ፍሬ የሚወጣውን ዘይት ወደ ሞተር ነዳጅ ስለመለወጥ ነበር። ዘይቱና አልኮሉ ብቻቸውን ቢቀመጡ ቶሎ አይግባቡም፤ ደላላ ይፈልጋሉ። ደላላው ሁለቱን አገናኝቶ ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል እንጂ አብሮ አይጋባም። ኬሚስቶች ካታሊስት የሚሉት ይህንን ነው። የእኔ ደላላ ከእንቁላል ቅርፊት የተሠራ ነጭ ዱቄት ነው። ቅርፊቱ በኃይለኛ ምድጃ ሲቃጠል ካልሲየም ኦክሳይድ ይሆናል፤ ቅንጣቱ እየደቀቀ በሄደ ቁጥር ደግሞ ሥራው ይፈጥናል። ፍኖተ ሰላም ውስጥ እንቁላል የሚጠብስ ቁርስ ቤት ሁሉ ያውቀኝ ነበር። በፌስታል ቅርፊት ሰብስቤ ስወጣ አስተናጋጆቹ "መምህርት፣ ጫጩቱ ሲፈለፈል እኛንም እንዳትረሺን" ይሉኛል። "ለእናንተ አውራውን ነው የማመጣው" እላለሁ፤ ሆዴ ግን ይናደዳል።

የዚህ ዱቄት ጠላቱ ውሃ ነው። በእያንዳንዱ ቅንጣት ውስጥ አተሞቹ እንደ ድንጋይ ካብ በሥርዓት ተደርድረዋል። ውሃ ሲነካው ላይ ላዩን አርሶ የሚመለስ አይምሰላችሁ። ካቡ ውስጥ ይገባና ድንጋዩን እየገፋ ቦታ ይይዛል፤ ሲያበቃ ካቡ ሌላ ካብ ይሆናል። ስሙም ሥራውም ይለወጣል። የክረምት አየር እንኳን በቂው ነው፤ ክዳኑ ላልቶ ካደረ ጠዋት ሌላ ነገር ሆኖ ይጠብቃችኋል። እኔ ታዲያ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጉም መስኮት እየገባ፣ ውሃ የማይወድ ነገር ስሠራ ከረምኩ።

ነሐሴ ሲያልቅ አሥራ ሁለት ትናንሽ ጠርሙስ ሞላሁ። ከአንድ እስከ አሥራ ሁለት ቁጥር ለጠፍኩባቸው፤ ክዳናቸውን በፕላስተር ጠመጠምኩ። በዚያ ላይ ጧፍ አቅልጬ በሰም ላሽጋቸው ጀመርኩና አምስቱን እንዳሸግሁ ጧፉ አለቀብኝ። የቅንጣቶቹን ድርድር ፈልቅቆ የሚያሳየው የኤክስሬይ መሣሪያ ያለው አዲስ አበባ ነበር። አማካሪዬ ለምኖ ለምኖ መስከረም ላይ አንድ ቀን አስያዘልኝ። ምድጃው ደግሞ ለእኛ ለክረምት ተማሪዎቹ እስከ ነሐሴ ብቻ ነው የተፈቀደው። ስለዚህ ያ አሥራ ሁለት ጠርሙስ ቢበላሽ ምትክ የለውም።

ጠርሙሶቹን ይዤ ለእንቁጣጣሽ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ስደርስ ቤቱ ባዶ ነው። ጳጉሜን በመሆኑ ጠበል ሊጠመቁ ግሽ ዓባይ ሄደዋል፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ጉልበታቸው፣ አብዛኛውን መንገድ በእግራቸው። ለዋዜማው ሲመለሱ በትከሻቸው ጠበል የሞላ ትንሽ ቢጫ ጀሪካን አንጠልጥለዋል። ዓውደ ዓመቱን በደስታ ዋልን። እኔ ጠርሙሶቹን በስፌት ውስጥ ደርድሬ በነጠላ ሸፍኜ መደቡ ላይ አስቀምጬ፣ ገባ ወጣ ባልኩ ቁጥር እገልጣቸዋለሁ። እሳቸው ሲያዩኝ ቆይተው "ምንድን ነው እንደ ጫጩት የምትጠብቂው?" አሉኝ። "ጥናቴ ነው አባባ፣ ከእንቁላል ቅርፊት የሠራሁት፤ የሦስት ክረምት ልፋቴ እዚያ ውስጥ ነው" አልኳቸው። ከዚያ በላይ አላስረዳሁም። ማስረዳት ሥራዬ ነው፤ ለባዳ ልጅ ስድስት ጊዜ የምደግመውን ለአባቴ አንዴ መናገር ታከተኝ።

አገሩ ዘር የሚያስባርክ አገር ነው። ገበሬው በቆሎውንም ዳጉሳውንም ሽምብራውንም ከመዝራቱ በፊት እፍኙን በእንቅብ፣ ካልቻለም ከነጆንያው ይዞ ቄሱ ደጃፍ ይመጣል፤ ቄሱ ጸሎት አድርሶ ጠበል ጣል ያደርግበታል። ያ ሳይሆን ማረስ ይቻላል፣ መዝራት ግን ደስ አይልም። አባቴ በዚህ የታወቁ ናቸው። እጃቸው ይቀናል እየተባለ ከማዶ ቀበሌ ሳይቀር ይመጣላቸው ነበር። የልማት ሠራተኛው የሚያከፋፍለው ቀይ መድኃኒት የተቀባ ምርጥ ዘር እንኳ በመጀመሪያ እሳቸው ደጅ ያልፋል።

ልሄድ ባልኩበት ዋዜማ ጠዋት ወንዝ ወርጄ ልብሴን አጥቤ ስመለስ፣ አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጠው አንዷን ጠርሙስ በመዳፋቸው ይዘዋል። ፊታቸው በርቷል።

"ነይ ልጄ፣ ነይ ያዢው። በእጄ ላይ ሞቀ" አሉኝ።

"ምኑ ነው የሞቀው?"

"ዘርሽ ነዋ። ጠበሉን ጠብ ሳደርግበት ሳብ አደረገና ሞቀ። ተቀብሎታል።"

ስፌቱን ሳይ ሰባቱ ተከፍተዋል። ፕላስተሩን በጥንቃቄ ፈትተው፣ በየጠርሙሱ ጠብ ጠብ አድርገው፣ መልሰው ጠምጥመውታል። በሰም የታሸጉትን አምስቱን መክፈት አቅቷቸዋል፤ ለእነሱም በላያቸው ጸልየውላቸዋል። ዱቄቱ አብጧል፤ ልስልስ ብሎ የጠርሙሱን ግድግዳ ይዟል። የታጠበውን ልብስ መሬት ላይ ጣልኩት።

"ምን አደረጉ? ማን ይንኩት አለዎት?" ብዬ ጮህኩ። እርሳቸው አፋቸውን ሲከፍቱ አላስጨረስኳቸውም። "የማያውቁትን ነገር ለምን ይነካሉ? ገደሉት። እጅዎ የነካውን ሁሉ ነው የገደሉት።"

አባቴ የያዙትን ክዳን ቀስ አድርገው ገጠሙት። ገጥመው ሲያበቁ፣ "ኖራ ውሃ ሲነካው እንደሚፈላ አውቃለሁ" አሉ፤ ለእኔ ይሁን ለራሳቸው አላወቅሁም። "ቤተ ክርስቲያኑን ስናድስ በጉድጓድ አብርደነዋል። ሰው ቢወቅጠው የማይደቅቀውን ድንጋይ ውሃው ነበር የሚያደቅቀው። የእንቁላል ቅርፊት ኖራ ይሆናል ብዬ ግን አላሰብሁም። ይቅር በይኝ ልጄ።"

ቄስ አባት ልጁን ይቅር በይኝ ሲል መሬት ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር ብዬ ብጽፍ ያምርልኛል። ውሸት ነው፤ ያን ሰዓት ንዴት ብቻ ነበርኩ። እርጥቡን ልብስ ከነጭቃው ሻንጣዬ ውስጥ ጎሰርኩ፣ ስፌቱን አቀፍኩ፣ መስቀላቸውን ሳልሳለም ወጣሁ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ዞሬ አላየሁም።

አዲስ አበባ ላይ መሣሪያው እውነቱን አወጣው። እያንዳንዱ ጠርሙስ በወረቀት ላይ ተራራ ተራራ የሚመስል መስመር ሆኖ ወጣ፤ ተራሮቹ የት የት እንደቆሙ ታይቶ ድርድሩ ይታወቃል። የአምስቱ ተራሮች ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። የሰባቱ ግን አገር ለቀዋል። ኦክሳይድ ሆነው የሄዱት ሃይድሮክሳይድ ሆነው ነው የጠበቁኝ፤ በላብራቶሪም ስሞክራቸው በዘይቱ ላይ ፈዝዘው ቁጭ አሉ። ለአማካሪዬ በስልክ ስነግረው መልሱ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። "አትጣያቸው፣ ጥር ላይ ትምህርት ሲዘጋ ይዘሻቸው ነይ" አለኝ።

ለገና አባቴ ዘንድ አልሄድኩም። ስኳርና ሻይ ቅጠል በሰው ላክሁ። ያኔ ንዴቱ በርዶልኝ ነበር፤ የቀረው እፍረት ነው፣ እፍረት ደግሞ ከንዴት ይብሳል። በንዴት ሰው ይናገራል፣ በእፍረት ግን እግሩም ይታሰራል።

ጥር ላይ አማካሪዬ ምድጃውን አስፈቀደልኝና የረጠቡትን ዱቄቶች መልሰን አቃጠልናቸው። በእሳቱ ውሃው ጥሏቸው ወጣ። ተራሮቹ ወደ ድሮ ቦታቸው ተመለሱ፤ ግን እንደ ድሮው ስል ሆነው አልነበረም፣ ዝቅ ብለው ግራና ቀኝ ተዘርግተዋል። አማካሪዬ መስመሩን በእርሳስ እየተከተለ "ደቅቋል" አለ። ውሃው ሲገባ ካቡን አፍርሶታል፣ ሲወጣ ደግሞ ስንጥቅጥቅ አድርጎት ነው የወጣው፤ እኔ ስወቅጥና ስነፋ ያላገኘሁትን ድቅቀት አገኘ። በዘይቱ ላይ ስንሞክረው ውሃ ያልነካቸውን አምስቱን በፍጥነት ቀደማቸው።

"ውሃ ማስገባቱን ማን አሰበው?" አለኝ።

"አባቴ።"

"ኬሚስት ናቸው?"

"ቄስ ናቸው።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ድንጋዩን ውሃው ነበር የሚያደቅቀው ያሉት ጆሮዬ ላይ ቆሞ ነበር። በተጣራ ውሃ ደግመን ሠራነው፤ እንደዚያው ሆነ። ከዚያ ወዲያ ጥናቴ በሙሉ ወደዚያ ዞረ፣ አማካሪዬም ለመመረቅ እንደሚበቃ ነገረኝ። ደስ አለኝ፤ ለአባቴ ለመንገር ግን ሲመቸኝ፣ ሲመቸኝ እያልኩ ፋሲካንም አሳለፍኩ።

ግንቦት ላይ ፍኖተ ሰላም ገበያ ውስጥ የአባቴ ጎረቤት የሆነ ገበሬ አገኘኝ። ሰላምታው ረዘመ፤ የልጁን፣ የከብቱን፣ የዝናቡን ሁሉ ነገረኝ። ስለ አባቴ ስጠይቀው ግን ዐይኑን ወደ መሬት አደረገ።

"ደህና ናቸው፣ ይመስገን። ብቻ ዘር መባረክ ትተዋል።"

"አመማቸው እንዴ?"

"ኧረ ቅዳሴው አልተጓደለም። በመስከረም ሽምብራዬን ይዤ ብሄድ 'ወደ ሌላው ቄስ ውሰደው' አሉኝ። አሁንም በቆሎውን ይዘን ብንሄድ እንደዚያው። 'ምን በድለን ነው አባታችን?' ብንላቸው 'እናንተ ምንም። የእኔ እጅ የነካውን ይገድላል' አሉን። እስቲ አንቺ ጠይቂያቸው፤ ሰው አስቀይሟቸው ይሆናል።"

ያቺን ቃል ከየት እንዳመጧት እሱ አያውቅም፣ እኔ አውቃለሁ። የያዝኩትን ሽንኩርት ለሻጯ መልሼ ሰጥቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር፤ የተራራ ወረቀቶቹን አጥፌ ቡሬ የሚሄድ መኪና ላይ ወጣሁ።

በአገራችን አጥፊ ይቅርታ ሲጠይቅ ድንጋይ ይሸከማል። የአባቴ አጥር ሥር ስደርስ አንዱን አንስቼ አንገቴ ላይ አደረግሁና ደጃፋቸው ላይ ተንበረከክሁ። የጎረቤት ልጆች ተሰብስበው ያዩኛል፤ አንዷ "መምህርቷ እኮ ናት" ስትል ሰማኋት። አባቴ ከውስጥ ወጥተው ሲያዩኝ ደነገጡ።

"አውርጂው። አንገትሽ ይቀጫል" አሉኝ።

"ይቅር ካላሉኝ አላወርድም።"

"ይቅርታውማ ያኔውኑ ነው፣ ገና አስፋልቱ ሳትደርሺ። አውርጂው እንጂ።"

አወረድኩት። ገብተን ተቀመጥን። "ታዲያ ይቅር ካሉኝ የሰውን ዘር ለምን ይመልሳሉ?" አልኳቸው። ሲመልሱልኝ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታ የሚባል አልነበረም፤ አንጀቴን የበላኝም እሱ ነው።

"ተቀይሜ መሰለሽ? አልተቀየምኩም። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ የምታውቂውን ነው የነገርሽኝ። እኔ ይኸን ሁሉ ዘመን እጄ ይቀናል ሲሉኝ ዝም ብዬ አምኛቸው ነበር። ስንቱ ማሳ ሳይበቅል እንደቀረ፣ ስንቱን ዋግ እንደመታው አልቆጠርኩም። አንቺ ስትነግሪኝ ቆጠርኩት።"

እኔ በቁጣ የተናገርኩትን እሳቸው እንደ ትምህርት ተቀብለውት ኖሯል። ስድብ ቢመስላቸው ኖሮ ይረሱት ነበር። እውቀት ነው ብለው ያዙት፤ ከኬሚስትሪ መምህርት አፍ የወጣ እውቀት። አለቀስኩ።

ወረቀቶቹን አወጣሁ። ሦስቱን መደቡ ላይ ዘረጋሁላቸው፤ ውሃ ሳይነካው፣ ውሃ ሲነካው፣ ከውሃው በኋላ እሳት ሲገባ። ብራና ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸውና አልቸኮሉም። ጣታቸውን በተራሮቹ ላይ እያስኬዱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተመላለሱ።

"ይኸ የመጨረሻው የተሻለው ነው አባባ። የእርስዎ ውሃ የነካው ነው።"

ቀና ብለው ፊቴን አዩ። "ልታባብዪኝ ነው የመጣሽው" አሉ።

"አይደለም።"

"እሺ፣ ይኸ መካከለኛው ምንድን ነው? ውሃው ብቻውን ምን አደረገው?"

እዚህ ላይ መዋሸት ቀላል ነበር። አሻሻለው ብል ማንም አይከሰኝም፤ አዛውንት አባት ደስ ይለዋል፣ እኔም ይቀልልኛል። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። የሚያነቡት ግን ወረቀቱን ብቻ አልነበረም።

"አበላሸው" አልኩ። "ብቻውን ሲሆን አበላሸው። ሥራ ፈትቶ ቁጭ አለ። መልሰን እሳት ስናስገባው ነው ከድሮው የበለጠ የደቀቀው፣ የፈጠነውም። እሳቱ ያለ ውሃው ይህን አላደረገም፤ አምስቱን አይተናል። ኖራው በውሃ ነበር የሚደቅቀው ያሉኝን ያን ቀን አልሰማሁዎትም።"

አባቴ መካከለኛውን ወረቀት አንስተው ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አዩት። "አበላሸው" ብለው ደገሙ፣ ራሳቸውን እየነቀነቁ። ከዚያ ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ። "አሁን አመንኩሽ። አሻሻለው ብትይኝ ኖሮ ሻይሽን አጠጥቼ ነበር የምሸኝሽ።" ሁለታችንም ሳቅን። ማታ እራት አብረን በላን፤ ስለ ዘሩ ግን አንድም ቃል አልተናገሩም፣ እኔም ለመጠየቅ ፈራሁ።

ጠዋት ከቅዳሴ መልስ ያ ገበያ ያገኘኝ ጎረቤት ደጁ ላይ ቆሟል። ከኋላው አህያው የበቆሎ ዘር ተጭናለች። እኔ እንደመጣሁ ሰምቶ ይሆናል፤ ወይም ዝናቡ ደርሶበት ነው። "አባታችን፣ ዛሬም መልሰው ቢሰዱኝ ከነምርቃትዎ እሄዳለሁ" አላቸው።

አባቴ ቆሙ። ብዙ ቆሙ። ኋላ ገብተው መስቀላቸውንና በጣሳ ጠበል ይዘው ወጡ። ጆንያው ተፈታ፤ ውስጡ መድኃኒት የተቀባ ዘር ነው፣ እንደ በርበሬ ቀይ። ጸሎታቸውን አደረሱ፣ ድምፃቸው ድሮ እንደማውቀው ነው። ጠበሉን ለመርጨት ሲደርሱ ግን፣ ድሮ በእፍኛቸው ሞልተው ይበትኑት የነበሩ ሰው፣ የሁለት ጣታቸውን ጫፍ ብቻ ነከር አድርገው በዘሩ ላይ ጠብ አደረጉ። እጃቸውን እዚያው በአየር ላይ እንደያዙ ዞረው እኔን አዩኝ።

"በዛ እንዴ ልጄ?" አሉኝ።

"አልበዛም አባባ" አልኩ። እንዲሰሙኝ ደግሜ አልኩት።